የጾም ኬኩን ወስጄዋለሁ

ሰምሃርዬ፣

ለኪዳን ወጥቼ ስመለስ ተኝተሽ ነበር፤ አልቀሰቀስኩሽም። አሁን ወደ ሱቅ ልሂድ፣ ረፍዶብኛል።

ከአልጋሽ ስር የደበቅሽውን የኬክ ካርቶን ይዤ ወጥቻለሁ። አትፈልጊው።

መድኃኒትሽን ግዢ ስልሽ ዳገቱ ከበደኝ ትያለሽ፤ ለኬክ ግን ፒያሳ ድረስ ትወጫለሽ። የጾም ነው ብለሽ ነው አይደል? ወተትና እንቁላል የለውም እንጂ ስኳሩ ያው ስኳር ነው። ለክብደትሽ ብለው ጨጓራሽን ቆርጠው ካሳነሱት ወዲህ ጣፋጭ በቀመስሽ ቁጥር ልብሽ ይመታል፣ ላብ ያጠምቅሻል። ትናንትም ምን ሆነሽ ነው ስልሽ "ሙቀቱ ነው" አልሽኝ። በነሐሴ ዝናብ፣ ሰምሃር! እኔ ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ።

ደክሞኛል።

ትናንት ማታ ስለ ሰውነትሽ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ግን...

ተይው። ድስቱ ውስጥ እንቁላል ቀቅዬልሻለሁ። መጀመሪያ እሱን ብዪ፣ ቀስ ብለሽ እያላመጥሽ። ቆየት ብሎም ጣፋጭ ካማረሽ ፔርሙሱ ውስጥ የቀረፋ ሻይ አለ። ስኳር አትፈልጊ፤ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ።

"በፍልሰታ እንቁላል!" ብለሽ እንደምትጮሂ አውቃለሁ። ጠዋት የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። ሳቁና "እንቁላሉን ትብላ፣ ኬኩን ትጹም" አሉኝ። የቀረውን እኔ ደርቤ እጾምልሻለሁ።

ማታ ስገባ የእንቁላሉን ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ካገኘሁት፣ ይቅር ብለሽኛል እላለሁ።

አይናዲስ