የእርሳስ ጥይት የተከለከለበት ኅዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት

ዛሬም ስልክ። ጆሮዬ ግሏል። የእርሳስ ጥይት ከተከለከለ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ የዘንድሮን የአደን ክፍያ ላልከፈሉ ሰዎች እየደወልኩ ይቀጥላሉ ወይስ ይተዋሉ እያልኩ መጠየቅ። አብዛኞቹ ይተዋሉ። የድሮ ጠመንጃቸው በእርሳሱ ፋንታ የመጣውን የብረት ጥይት አይችልም፤ አዲስ ይግዙ ቢባሉ ደግሞ በየትኛው ዕድሜያቸው። አንዱ ሰደበኝ፣ እኔ የከለከልኩበት ይመስል።

ለእነሱ ነገሩ ወፍ ነው፣ እዚህ ሮማ ለቀጠረኝ ክልል ግን ገንዘብ። ክፍያው ሲቀንስ ከርከሮ ማሳውን ላበላሸበት ገበሬ ካሣ የሚወጣበት ካዝና ይራቆታል። የክፍሉ ኃላፊ ዶቶሬሳ ቁርጡን ነግራናለች፤ ጉድለቱ ከሰፋ መጀመሪያ የሚወጡት የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው። ኮንትራት ከሌለ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። ስለዚህ ማስታወሻዬ ሆይ፣ የሮማ ሽማግሌዎች ወፍ እንዲተኩሱ ጸልይልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ፒኜቶ ደወልኩ። ከዚያ ሰፈር አንዲት ሲኞራ አነሱ። ባለቤታቸው ይቀጥላሉ ወይ ስል እንዴታ አሉኝ። ደስ አለኝ። አሎራ፣ እንግዲያው አዲሱ ደንብ ጠመንጃውን ባለቤቱ ራሱ አምጥቶ ያስመርምር ይላል፣ መቼ ይመቻቸዋል አልኩ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ከሞተ ወዲህ በጠዋት ነው የሚወጣው። ሲመሽ ይሻላል።»

ነፍስ ይማር አልኩ፣ በአማርኛ። በጣልያንኛ ምን እንደሚባል ጠፋብኝ። አድራሻቸውን ከመዝገቡ ገልብጬ ስልኩን ዘጋሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት

ሲኞራዋ ቤት ሄድኩ። ምን ላድርግ? ሞት ሰምቼ ለቅሶ ሳልደርስ መቅረት አልለመደብኝም። ከቅዳሴ ወጥቼ፣ በጥቁር ልብሴ ላይ የነጠላዬን ጥለት ወደ አንገቴ አድርጌ ትራም ተሳፈርኩ። እህቴ በስልክ አበድሽ እንዴ አለችኝ፤ እዚህ አገር ሳይጠሩ ሰው ቤት አይኬድም። ልክ ናት።

ሲኞራ ጥቁር ልብሴን ሲያዩ የጠመንጃ መርማሪ መሰልኳቸው። እንባ የለ፣ ፎቶ የለ። ቀጥታ ጠመንጃውን አመጡ። ተወልውሎ ያበራል። ባሩድ ይሸታል። ክፍያውን ለምን እንደማያቋርጡ ሳልጠይቅ ነገሩኝ፤ ካቋረጡ ከክልሉ በባላቸው ስም የሚመጣው ደብዳቤ ይቀራል፣ ደብዳቤው ከቀረ እሱም ይቀራል። ዘንድሮ ያስቸገራቸው ምርመራው ብቻ ነው።

ከበሩ ጀርባ ቦት ጫማ ቆሟል። ጭቃው እርጥብ ነው። ሮማ ከዘነበ ሰንብቷል። ሲኞራ በከዘራ ነው የሚንቀሳቀሱት፣ ልጅም የላቸውም። ማን እንደተጫማው አልጠየቅኩም። ፈራሁ። እግዜር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ፤ አሳንሰሩን እንኳ አልጠበቅኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ይቀጥላሉ ከተባሉት ውስጥ ስልኩን ሴት ያነሳችባቸው ብዙ ናቸው። መልሼ ደወልኩ። በዘዴ ጠየቅኩ። አንዷ አሁን ተኝቷል አለችኝ፣ ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ ያበዛል። አንዷ በመስኮት ሲመጣ ታየዋለች፣ እየቀረበ ሲሄድ ግን ይጠፋባታል። ሁሉም የሚያወሩት ረጋ ብለው ነው፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው።

ገባኝ። የተዉት በሕይወት ያሉት ናቸው። የሚቀጥሉት የሞቱት። ክልሉ ከመቃብር ሲሰበስብ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ። ምርመራው በአካል ከሆነ ይህም ገንዘብ ይቀራል። ብናገር ራሴን ማባረሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ እነዚያ ሴቶች… አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ለዶቶሬሳ ነገርኳት። በሩን ዘጋች። ትደነግጣለች ብዬ ነበር፣ አልደነገጠችም። ያስፈራኝ እሱ ነው። አስረዳችኝ። እነዚህ ሰዎች አይተኩሱም፣ አይከሱም፣ አንዴም ቅሬታ አቅርበው አያውቁም። ለክልሉ ከእነሱ የተሻለ አዳኝ የለም። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የምርመራው ግዴታ ይነሳል፤ ካዝናውም እኔም እንተርፋለን። ቫ ቤኔ? ተስማማን? አዲሱን ኮንትራቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። መጀመሪያ ግን ለሚስቶቹ እንድደውል አዘዘችኝ።

ከምሳ በኋላ

እምቢ ልል ነበር። እውነቴን ነው። ፔርሜሶዬን ሳስብ ተውኩት። ፒኜቶ ደወልኩ።

«ሲኞራ፣ ባለቤትዎ በአካል መቅረብ አያስፈልጋቸውም።»

ቆዪ ልንገረው አሉ። ስልኩን አስቀምጠው ሄዱ። ከወዲያኛው ክፍል ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ደስ ብሏቸው ያወራሉ። ያኔ ስልኩን ሰው አነሳው። ትንፋሽ። ከባድ፣ የሽማግሌ። ሲኞራ? አልኩ። እሳቸው አሁንም ከሩቅ ያወራሉ። ትንፋሹ አጠገቤ ነው፣ ይጠብቃል።

ስለሚከፍሉ እናመሰግናለን አልኩ። ለማን እንዳልኩ አውቃለሁ። ከዚያ ኮንትራቱን ፈረምኩ።