በአንቺ ልክ የተቆረጠው ካባ

እሑድ ጠዋት፣ ግንቦት 17
ከስፌት ቤቱ

ይድረስ ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችን ደህና ናት። ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩሽ፤ የእኔ ልብ ግን ይኸው ከረቡዕ ጀምሮ እንደተሰቀለ ነው።

ትናንት ልጃችን ቁንጫ ሰባት ዓመት ሞላት። የአስማተኞች ልደት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሹል ቆብ፣ ረጅም ካባ፣ በትር፣ አንድም ሳይቀር። «ልብስ ሰፊ አባት እያለኝ!» ስትለኝ ምን ልበል? ከሥራ በተረፈ ጥቁር የገበር ጨርቅ አስራ ሁለት ካባ ልሰፋ ተቀመጥኩ። ለራሴም ለኮት ትከሻ ከምንከተው ጥጥ ጢም ሠራሁ፤ ሲያስነጥሰኝ ዋለ።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሳይደርስብኝ የምፈራ ሰው ነኝ። ሻማው ካባቸውን ቢይዝስ? በትሩ የሰው ልጅ ዓይን ቢወጋስ? ጎረቤታችንን ነርሷን ውሃ የሞላ ባልዲ አስይዤ በር ላይ አቆምኳት። «ኧረ ሰውዬ፣ ልደት ነው ወይስ የእሳት አደጋ ልምምድ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእሳቱ ይልቅ ያስፈራኝ የሠራሁት ጥፋት ነበር።

ረቡዕ ዕለት የመጨረሻውን ካባ ስቆርጥ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር፤ እጄ በለመደው ሄደ። ዘርግቼ ሳየው የአዋቂ ሴት ልክ ነው። ትከሻው፣ የክንዱ ርዝመት፣ ቁርጥ አንቺ። ሜትር እንኳ አላነሳሁም እኮ! ሃያ ዓመት መቀስ ስይዝ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቼ አላውቅም። ልደብቀው ስል ቁንጫ ከች አለች።

«የእማዬ ነው! ልትመጣ ነው ማለት ነው!»

አይደለም ማለት አቃተኝ። እሷ ደግሞ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አወራች። ስትሄጂ «አክስቷን ልታስታምም ነው» ብዬ የዋሸኋት ሳያንስ ይኸው ሌላ ተጨመረበት። ሦስት ቀን ልደውልልሽ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ። «አልመጣም» ብትይኝስ ብዬ ፈራሁ።

ትናንት ካባሽን ለባዶ ወንበር አልብሳ «እማዬ ሳትመጣ ኬኩ አይቆረጥም» አለች። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥር ተኩል ሆነ። ልጆቹ ተቁነጠነጡ፤ አንዷ እናት ሰዓቷን ደጋግማ አየች። መኪና ባለፈ ቁጥር ቁንጫ መስኮቱ ላይ ትወጣለች፣ እኔም ከኋላዋ። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና በትሯን ወደ በሩ ቀሰረችና «እማዬ፣ ነይ!» አለች። በዚያ ጢም ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው በሩ ተከፈተ!

ነርሷ ናት። ባልዲዋን እንደያዘች «ኧረ እጄ ዛለ!» አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የእኛዋ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሻማዋን እፍ አለችና ኬኩን ቆረጠች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወለሉን አብረን እየጠረግን «ይቅርታ ልጄ፣ አስማቱ አልሠራም» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«እኔ ብጠራት እንዴት ይሠራል? ድግምት የሚፈታው የደገመው ሰው ነው። ውጪልኝ ያልካት አንተ ነህ።»

ያን ቀን ስንጣላ ተኝታለች ብለን ነበር እኮ። አራት ወር ሙሉ ስታውቅ አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችም። «የእማዬ አክስት ተሻላቸው?» እያለች የምትጠይቀኝ እኔን ላለማሳፈር ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁሉን ስፈራ የምኖር ሰውዬ፣ በዕድሜዬ አንዴ ሳልፈራ የተናገርኩት ያው ክፉ ቃል ሆነ። አጥፍቻለሁ። ተናድጄ ነው፣ ደክሞኝ ነው አልልሽም። የምትይኝ ሁሉ ይገባኛል፤ ብቻ ቤትሽ ተቀምጠሽ በይኝ።

ስጽፍልሽ ክርኔ ሥር ቆማለች። «ጠራሃት?» አለችኝ። እየጠራኋት ነው አልኳት። «እንደዚያን ቀን ጮክ ብለህ ነው የምትጠራት» አለች።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

ነይልኝ!

ያስወጣሽ ባልሽ