በነነዌ ሰኞ ማሳ ላይ የዘረጋነው ገመድ

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1960 ዓ.ም.

በመጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ ገመዱን ከትምህርት ቤቱ አጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ዳኛቸው ደግሞ አላየም፣ አልሰማም፤ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቷል። የሚወቀስ ሰው ከተፈለገ እኔ አለሁ።

ዳኛቸው ተማሪዬ ነበር። አሁን ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ባለችው ባለሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ብቸኛው አስተማሪ ነው። እስኪድን እንድተካለት ለመነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጠመኔ ናፍቆኝ ስለ ነበር ነገሩን ሳላስጨርሰው እሺ አልሁት። የሳምንቱን ዕቅድ ጽፎ ሰጥቶኛል። ሰኞ፦ ርዝመት፣ ከክፍል ውጭ፣ በተግባር። የጻፈው ይህን ያህል ነው። ከአጥር ይውጡ አላለም።

ሃያ ሜትር የቃጫ ገመድ አዘጋጀሁ፤ በየሜትሩ አንድ ቋጠሮ። አንደኛ ክፍሎች ከዘበኛው ከልየው ጋር ግቢ ውስጥ ጠጠር ይቆጥራሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍሎች፣ ሃያ አራት ልጆች፣ በስድስት ቡድን ወጥተው በየተራ ይለካሉ። ሁለቱ ገመድ ይይዛሉ፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ሥራውን ይቀያየራሉ። በየማሳው ርዝመት፣ ወርድ፣ የባለቤቱ ስም። ስሙን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ስም የሌለው መዝገብ አልወድም።

ዛሬ የነነዌ ጾም መጀመሪያ ነው። ሰዉ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ስለ ነበር ቀኑ ተመቸኝ አልሁ። ማሳው ታጭዷል፣ ከብት የለም፣ የምናስቸግረው ሰው የለም። እንዲህ ነበር ያሰብሁት።

ዐሥራ ሁለተኛውን ማሳ ስንጨርስ ቅዳሴው ወጣ። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከዳገቱ ወርዶ ድንበሩ ላይ ቆመ። ሰላምታ የለም። አያ ታደገ የሚባለው ገበሬ ወደ ልጁ ወደ የሻረግ መጣና የገመዱን ጫፍ ከእጇ አስለቅቆ መሬት ላይ ጣለው። እሷን ይዞ ሄደ። ሌሎቹም ልጆቻቸውን እየለዩ ወሰዱ።

ገመዱን ጠቅልዬ ስመለስ ልየው በሩ ላይ ጠበቀኝ። “የኔታ፣ እርስዎ ሂሳብ አስተምረው ይሆናል፤ አገሩ ያየው ግን ቀላድ ነው” አለኝ። “መንግሥት ለግብር መሬታችንን ሊለካ ነው እየተባለ ሰው እንቅልፍ አጥቷል። እርስዎ ደግሞ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን እያለ ገመድ ዘረጉ።”

ገመድ ገመድ ነው ብዬ ልመልስለት አሰብሁ። ተውሁት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ከሠላሳ ስምንት ልጆች ስድስት መጡ። ሁለቱ የልየው ልጆች ናቸው። አራቱ ከወንዙ ማዶ የሚመጡ ናቸው፤ የነሱን አገር አልለካንም። ያም ሆኖ የሠላሳ ስምንቱንም ስም ጠራሁ። መዝለል አልችልም።

ስድስቱን ማባዛት አስተማርሁ። በደንብ ገባቸው። ደስ አላለኝም።

እረፍት ላይ ልየው ያላወቅሁትን ነገር ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ የቆመበት ቦታ የአያ ታደገ የአባቱ ርስት ነበር። ዳኛቸው ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ በመጨረሻ ሰውዬው ልጄ የምትማርበት ከሆነ ብሎ ለቀቀለት። አሁን ዝናብ እንደ ጣለ መልሼ አርሰዋለሁ እያለ ነው። ዓርብ ሰበካው ተሰብስቦ ይወስናል። ልጆቹም ይቅሩ፣ ቦታውም ይመለስ የሚለው ወገን በርትቷል አሉ።

ዳኛቸው እነዚህን ልጆች ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ቤት ለቤት ዞሯል። በተለይ ሴቶቹን። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ በተንኋቸው። ታሞ ለተኛ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይላክም። ዛሬ አልጽፍለትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ማንንም ሳላማክር ሌላ ስሕተት ሠራሁ።

ቅዳሴ እስኪወጣ ደጀ ሰላሙ ፊት ጠበቅኋቸው። የዳኛቸውን ዕቅድና አንድ የልጅ ደብተር ይዤ ነበር። ስለ ርዝመት፣ ስለ ወርድ፣ ሁለቱ ሲባዙ ስለሚገኘው ስፋት ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ስጨርስ ፊታቸው ከመጀመሪያው ብሶ ነበር። መሬት እንዴት እንደሚለካ ነው እኮ አጥርቼ የነገርኋቸው።

አያ ታደገ ብቻ ጠየቀ።

“ሂሳቡ ያለ ስሜ አይሰላም ነበር፣ የኔታ?”

“ይሰላል።”

“ታዲያ ስሜን ለምን አስጻፉት?”

ሥርዓት ስለምወድ ማለት በዚያ ቦታ አያስኬድም።

“የጻፈችው ደግሞ ልጄ ናት” አለ። “የአባቷን ርስት በገዛ እጇ አስጻፏት። ሌላ ሰው ቢጽፈው እንዲህ አይከፋኝም ነበር።”

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የሰበካው ቄስ መምሬ አስረስ ነገሩን እስከ ዓርብ አቆዩት። ሕዝቡ ሲበተን ወደ እኔ ቀረብ ብለው በዝግታ፣ “የኔታ፣ ዓርብ ሲመጡ አያስተምሩን” አሉኝ። ቀጥለውም ስለ እህል ዋጋ ጠየቁኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ መሆኑ ገባኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አምስት ልጆች። ከወንዙ ማዶ አንዱ ቀረ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። አያስተምሩን ያለኝ ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለነገ የምሰጠው፦ የስድስቱ ቡድን ገጾች በሙሉ። ገመዱ። ቃሌ።
ለነገ የማልናገረው፦ ሜትር። ስፋት። ዕቅድ። “በእርግጥ” የሚለው ቃል።

ደብተሮቹን ከሣጥን አውጥቼ ገጾቹን በጥንቃቄ ቀደድሁ። የልጅ ሥራ ቀድጄ አላውቅም። የሦስተኛው ቡድን የርዝመት ድምር ስሕተት ነበረበት፤ አንዱን ወደ ላይ አልያዙትም። ገጹ ነገ ከእጄ እንደሚወጣ እያወቅሁ በቀይ አረምሁት። ምን ላድርግ።

የየሻረግ ጽሑፍ ከሁሉም የጠራ ነው። የአባቷን ስም ከሌሎቹ ተለቅ አድርጋ ጽፋዋለች። ይህን ሳይ ተቀመጥሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

በእግሬ ተመልሼ ቡሬ ገባሁ። ደክሞኛል፣ ግን እንዳልረሳው ልጻፍ።

ወደ ስልሳ ሰው ነበር። ሴቶቹም መጥተዋል። መምሬ አስረስ ይናገሩ ሲሉኝ ሦስት ነገር ብቻ አልሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዳኛቸው አያውቅም፤ የጻፍነው ሁሉ ይኸው። ገጾቹንና ገመዱን መሬት ላይ አኖርሁና ተቀመጥሁ። ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንዱ ይቃጠል አለ። እሳት ሊያመጡ ሲነሡ እሜቴ አትጠገብ አስቆሟቸው። ባል የሞተባቸው፣ ከአገው በኩል የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ሁለት ማሳቸውን ለክተናል። “ምን እንደ ተጻፈብኝ ሳላውቅ አይቃጠልም” አሉ። “ይነበብ። ሌላ ነገር ቢኖርበትስ?”

ማን ያንብብ? እኔን ማን ያምናል። የመምሬ ዓይን ደክሟል። ዲያቆኑ ቡሬ ወርዷል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ እሜቴ አትጠገብ ከሴቶቹ ኋላ ወደ ቆመችው ልጅ ጠቆሙ፤ የጻፈችው ታንብበዋ፣ አባቷ ፊት አትዋሽም አሉ።

አያ ታደገ አልከለከላትም። የሻረግ መጣች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አንድ ቃል ላግዛት ከንፈሬ ደርሶ መለስሁት።

አነበበች። ስም፣ ርዝመት፣ ወርድ። ሌላ ምንም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፅዋ ጠነከረ። እሜቴ አትጠገብ የራሳቸው ሲነበብ በጣታቸው በአገውኛ ይቆጥራሉ። ከዚያ የአባቷ ደረሰ፤ ርዝመቱ ሰማንያ ስድስት፣ ወርዱ ሠላሳ አንድ። ቀጥሎ የጎረቤቱ የአንዳርጌ፤ ወርዱ ሠላሳ አራት።

አንዳርጌ ራሱን እየነቀነቀ፣ “አይ ታደገ” አለ። “በየስብሰባው እንዲህ የምታስጨንቀን በሠላሳ አንድ ነው?”

መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ቀጥሎ መምሬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አያ ታደገ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ወደ ልጁ ዞሮ፣

“እስቲ ድገሚው” አላት።

ደገመችው። ሳትንተባተብ። ሰውዬው ቁጥሩን እየሰማ አልነበረም፤ አፏን ነበር የሚያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት የልጆች አባቶችን አይቻለሁ፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ።

ገጾቹ ተቃጠሉ። ገመዱ ግን ለምን ይባክናል ተባለ። ልየው ላሟን ልሰርበት አለ። እሜቴ አትጠገብ ቋጠሮው ተፈትቶ ነው እንጂ አሉ። እኔው ተቀምጬ ፈታሁ። አጥብቄ ነበር የቋጠርሁት፤ ጥፍሬ ደማ። ማንም አላገዘኝም፤ ግን ማንም አልሄደም፤ ተቀምጠው ስለ ዘርና ስለ በሬ እያወሩ ጠበቁኝ።

ውሳኔው፦
ገመድም ሆነ ሜትር ከአጥር አይወጣም።
የሰው ስምና የሰው ንብረት በልጅ ደብተር አይጻፍም።
ልጆች ከአጥር የሚወጡት የቤቱ ባለቤት ጠርቷቸው፣ እሱ ወይም እሷ ባለበት ነው።
ቦታው ለጊዜው ይቆያል።

“ለጊዜው” ያለው አያ ታደገ ነው። የዛሬው አስተማሪ ሄዶ የነገው ሲመጣ ምን ያደርግ እንደሆነ በምን አውቃለሁ አለ። እውነቱን ነው። ዳኛቸውም በራሱ እጅ ይጻፍልን ተባለ፤ እስከ ቅበላ እሑድ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ስብሰባ የለም። ደብዳቤው ካልደረሰ ቦታው ይመለሳል።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ሠላሳ አራት። ስም ስጠራ “አቤት” ሲሉ ሁለት ጊዜ ዓይኔን ጠረግሁ፤ የጠመኔ ብናኝ ነው ብያቸዋለሁ። የቀሩት አራቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አጎታቸው ዘንድ ሊበን ወደሚባል አገር ሄደዋል አሉ። ይመለሱ እንደሆነ አላውቅም።

እሜቴ አትጠገብ ሦስተኛ ክፍሎችን ለሐሙስ ቤታቸው ጠርተዋል። ሌማት ሲሰፉ ሊያሳዩአቸው ነው። ክሩ በስንት በስንት እንደሚከፈልና አበባው ክቡ ላይ ተዛንፎ እንዳይቀር እንዴት እንደሚቆጥሩት ያሳያሉ። ደብተር አንይዝም፤ በጣት ነው የምንቆጥረው። እኔም ተማሪ ሆኜ እሄዳለሁ።

እረፍት ላይ አያ ታደገ አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ሄድሁለት።

“ዛሬ ደግሞ ምን ትለካላችሁ?” አለ።

“ጥቁር ሰሌዳውን።”

ትንሽ አሰበ። “እሱ የመንግሥት ነው፤ ለኩት” ብሎ ሄደ።

ዳኛቸው ልጄ፤ እነዚህን ገጾች ከማስታወሻዬ ቆርጬ ልልክልህ ወስኛለሁ። ደብዳቤ ብጽፍ ራሴን ላሳምር እችላለሁ፤ በየቀኑ የጻፍሁት ግን አያሳምረኝም። በእኔ ጥፋት ቃል የምትገባው አንተ መሆንህ ያሳፍረኛል። ቢሆንም ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሆድህን እንዳታስጨንቀው፤ ስፌቱ ገና ነው።

ከአንተ የሚፈለገው አጭር ነው፦ ከላይ ያሉትን የዓርቡን ሦስት ውሳኔዎች ተቀብያለሁ ብለህ በራስህ እጅ ጻፍ፣ ፈርም፤ በትልቁ ጻፍ፣ ሕዝቡ ፊት የምታነበው የሻረግ ናት። ምክንያትና ማብራሪያ አትጨምር። ደብዳቤውን ለባህር ዳሩ አውቶቡስ ረዳት ስጠው፤ ከረቡዕ ጀምሮ በየቀኑ ቡሬ መቆሚያው ላይ እጠብቀዋለሁ። ቅበላ እሑድ የፊታችን የካቲት 17 ነው። ይህ እንደ ደረሰህ፣ በዚያው ቀን፣ መልስልኝ።