መሀል ያለው አመድ

የካቲት 3፣ ከሰዓት በኋላ

ጉድጓድ ሁለት (ጉ. 2) ዛሬ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ዋልካው ደርቆ ዶማ ያነጥራል። አራተኛው የጥንት ቤት መሠረት ወጣ። ክብ ነው። በሩ እንደ ሦስቱ ሁሉ ወደ መሀል ይመለከታል። ሰዎቹ እየተያዩ ነበር የሚኖሩት። ይህን ለማን ልንገር? ቆፋሪዎቹ ሄደዋል። ከሩቅ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ ሞተር ይጮኻል። ሌላ ድምፅ የለም።

የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሬ ወደዚህ ቁፋሮ የላኩኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። የተበታተኑ ቤቶች መቼ አንድ መንደር ሆኑ? እነማን «እኛ» ተባባሉ? ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ያገኘሁት አራት መሠረት ብቻ ነው።

የካቲት 5

እጄ አሳበቀብኝ።

ቆፋሪዎቹ የእንስራ ጆሮ አገኙ። እንዴት እንደተጣበቀ ጠየቁኝ። ከማሳው ዳር ጭቃ አነሣሁ። እንደ እንስራ ግድግዳ ጠፍጥፌ በጣቴ በሳሁት፣ የጆሮውን ጫፍ አሳለፍኩ፣ ከውስጥ በአውራ ጣቴ ደፈጠጥኩት። ደቂቃ አልፈጀብኝም። አያ ደርሶ ሳቁ። ማሳው የእሳቸው ነው፤ የማድረውም እሳቸው ግቢ ነው።

«ጭቃ ማቡካትም በዩኒቨርሲቲ ነው እንዴ? በዚህማ እኛም እንመረቅ ነበር!»

አዎ፣ እዚያ ነው የተማርኩት አልኩ። ባለቤታቸው እትየ ይታይሽ ምሳ ይዘው ቆመው ነበር። አልሳቁም።

ላንተ ግን አልዋሽም፣ ደብተሬ። ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ሸክላ ሠሪ ናት። ባደግኩበት አገር ቤታችን ከመንደሩ ተነጥሎ ወንዝ ማዶ ነበር። ቡዳ ይሉናል። የማኅበር ጠላ የሚጠመቀው በእናቴ ጋን ነው፤ እሷ ግን የማኅበሩን ቤት ደፍ አልፋ አታውቅም። እዚህ ይህን የሚያውቅ የለም። ሦስት ወር ሙሉ ከአንድ መሶብ በላሁ።

የካቲት 6

ከቤቶቹ መሀል ሰፊ አመድ ወጣ። ሥሩ ተቃጥሎ የቀላ አፈር። በአመዱ ውስጥ ገል በገል ነው፤ እሳት ላይ እያሉ የፈነዱ፣ ውኃ ይዘው የማያውቁ። የሸክላ መተኮሻ ነው። ሁሉም በር የሚያየው ይህን እሳት ነው።

መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? «የጋራ ምድጃ፤ ምግብ ማብሰያ።»

በምን አወቅሽ እንዳይሉኝ ነው። ሞኝነት። ማንም የሙያው ሰው ገሎቹን አይቶ ይለየዋል። ግን «ሸክላ» የሚለውን ቃል ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ፈሪ።

የካቲት 8

እትየ ይታይሽ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። የፊታችን ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእነሱ ነው። አባል እንድሆን አስበዋል። «እስከ መቼ እንግዳ ትሆኛለሽ? ጽዋችንን ጠጪና እህታችን ሁኚ።»

ደስ አለኝ። በጣም። ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ግን አሰብኩ። ጽዋውን ጠጥቼ በኋላ ቢሰሙስ? አታለለችን ይላሉ። ከማሳቸው ያስወጡኛል፤ ቁፋሮው እዚያው ላይ ያበቃል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። እትየ ይታይሽ እንደ ድሮው አያዩኝም።

የካቲት 10

ወረታ ከተማ፣ ገበያ። ሸክላ ሻጮቹ ከሩዝ ነጋዴዎቹ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ልቀመጥ፣ ላወራቸው ፈለግሁ። የድስት ዋጋ ጠይቄ ሄድኩ።

ለእናቴ ደወልኩ። ያበሉሻል? አዎ። ይወዱሻል? አዎ። ስለ ማኅበሩ ነገርኳት፤ ልናገር ነው አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ፦ «ምን ቆርጦሽ! ተቀምጠሽ ጠጪ ልጄ። እኔን አታንሺኝ።»

በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህችው ቃል። እኔን አታንሺኝ።

የካቲት 11፣ ጠዋት

መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩ። «የሸክላ መተኮሻ፤ ከመንደሩ መሀል።» ፈረምኩ።

አያ ደርሶ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሸክላ ሠሪዎች እዚህ መሀል ይኖሩ ነበር አልኳቸው።

«መሀል? እነሱን ደግሞ ማን መሀል ያስገባል!»

ምናልባት መንደሩ ነው ዙሪያቸውን የሰፈረው አልኩ። እንደ ቀልድ ቆጥረውት ሄዱ። እኔም ምናልባት ነው ያልኩት። ከአራት መሠረትና ከአንድ አመድ ከዚህ በላይ ማለት አይቻልም።

ያው ቀን፣ ማታ 12 ሰዓት ግድም

ለእትየ ይታይሽ ነገርኳቸው። ለነገ ጠላ ያጠልሉ ነበር። ማጥለያውን አልለቀቁም። ቀና አላሉም። የተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እኔም የእሷ ልጅ ነኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ከዚያ ማጥለያውን እየጨመቁ፦ «ለእኔ ነግረሽኛል፤ ይበቃል። ለሌላው አታንሺው። ነጭሽን ልበሽና ነገ ነይ።»

እጃቸውን ልስም ስል «እጄ እርጥብ ነው» ብለው ሸሸጉት። እርጥብ ስለሆነ ይሆን?

የካቲት 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት

እናቴም እትየ ይታይሽም ይወዱኛል። ሁለቱም ዝም በይ አሉኝ።

ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ የሚቀበሉት እናት የሌላትን ሴት ነው። እሷን እኔም አላውቃት። ደግሞስ እትየ ይታይሽን ምስጢር አሸክሜ፣ በየወሩ ፊታቸው ጽዋ ልቀበል? ከሦስት ወር ብቸኝነቴ ያ አይብስም?

ወሰንኩ። ጽዋው ሳይደርሰኝ እቆማለሁ። የሸክላ ሠሪዋ የአለምነሽ ልጅ ነኝ እላለሁ። ስሟን ጮክ አድርጌ። አታንሺኝ ብላለች፤ ይቅር ትበለኝ። ከዚያ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ጽዋውን ይስጡኝ ወይም ለሚቀጥለው ያሳልፉት። እትየ ይታይሽ ይቀየሙኝ ይሆናል። ያ ነው የሚከብደኝ።

ለብሻለሁ። ከትልቁ ቤት ጸሎት ተጀመረ። አያ ደርሶ ከግቢው ይጣራሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ምን ትጽፊያለሽ! ሰው ሞላ እኮ፣ ቦታሽን ይዘንልሻል!»

ቦታሽን አሉ። እየመጣሁ ነው።