አሸዋ የዋጣት ጂፕና የመረጥኩላት መጎተቻ

መቀሌ፣ ግንቦት ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ውድ የልጅ ልጄ፣ ግትሩ ጀይሉ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ጉድጓድ ድረስ ይውረድልህ። ደህና ነኝ እንዳልልህ ደህና አይደለሁም። ታምሜያለሁ እንዳልልህም የሚያመኝ ነገር እዚህ የለም፤ እዚያ ወንዝ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቷል።

ግመል ነጂው ሕሸ ዛሬ ጠዋት ከነግመሎቹ ገባ። ብቻውን ነበር። ገና ከደጅ ሳለ «ኣቦይ ጀላሉ፣ ደሓን ነው፣ ልጅዎ ደሓን ነው!» አለኝ።

«ደህና ከሆነ የታለ?»

«ከመኪናው ጋር።»

«መኪናዋስ?»

«ከወንዙ ጋር።»

ከዚያ ውሃ ጠጣና አንድ በአንድ ነገረኝ። ከበራህሌ አሞሌ ጨው ጭነህ ስትመለስ፣ ገደሉ ግራና ቀኝ በሚጠብበት ቦታ የወንዙ አሸዋ ጂፕህን እስከ ሆዷ መዋጡን ነገረኝ። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ታስነሳታለህ አሉ፤ ታጓራለች፣ አሸዋ ትረጫለች፣ ትንሽ ትወርዳለች። ጎማዋ ሥር ምን እንደረበረብክም ሰማሁ። ሕሸ እንደ መሐላ እጁን ዘርግቶ ነው የነገረኝ፦ «አሞሌ አነጠፈላት፣ ኣቦይ! ከሥር ውሃ እየመነጨ። ጨው ሟሟ፣ መኪናው ወረደ። ሌላ አሞሌ ጨመረ። ሟሟ፣ ወረደ።»

አይ ልጄ! እኔም አባትህም ዕድሜያችንን የጨረስነው ጨው እንዳይረጥብ ስንጠብቅ ነው። አንተ እንደ ምንጣፍ ውሃ ላይ ዘረጋኸው። ወንዙን አጣፈጥከው እኮ! አሁን የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነው።

እዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ሳቄ የደረቀው መልእክትህን ሲነግረኝ ነው። «ጠንካራ መጎተቻ ላክልኝ፤ ያለ እሷ መቀሌ አልገባም፤ እስኪደርስም ከሥሯ አልነቃነቅም» ብለሃል። በቅሎዎቹን ሸጠህ ይህችን የእንግሊዝ ጂፕ ስትገዛ የሲራራ ነጋዴው ሁሉ ስቆብሃልና፣ እየሳቁ ባዶ እጅህን ከሚያዩህ መሞት መርጠሃል። ልጅ ሳለህም እንዲሁ ነበርክ። እራት ቀርቦ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠራህ ከመንገድ አትገባም። ዘዴው የተገለጠልኝ ለእኔ ብቻ ነበር፤ ወንጭፍህን ሰርቄ ምሰሶው ላይ እሰቅላለሁ፣ አንተ እያለቀስክ፣ እየረገምከኝ ትገባለህ። እየረገምከኝም ቢሆን እራትህን ትበላ ነበር።

ጀይሉ፣ ሕሸ እንደጨረሰ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ወጣሁ። የወንዙ ራስ ባለበት፣ ወደ አጽቢ በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል። ዝናቡ ገና አልወረደም፣ እያጠራቀመ ነው። አንተ ያለህበት ሰማይ ግን እንደ ሳህን የጠራ ነው፤ ሳላየው አውቀዋለሁ። ያ ወንዝ እንደዚያ ነው የሚመጣው። ከላይህ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ በማታየው ደጋ የዘነበ ውሃ ግድግዳ ሆኖ ይመጣብሃል። ለዚህ ነው ሲራራው ሕግ ያለው። የወንዙ ራስ ሲጠቁር የመጀመሪያው ግመል መሪ ይጮሃል፤ ሁሉም ጭነቱን ባለበት ፈትቶ ወደ አፋፉ ይወጣል። የተተወ ጭነት ማንም አይነካም። ፈትቶ የወጣን ሰው ፈሪ የሚል እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ነውሩ ለዕቃ ብሎ መመለስ ነው።

አባትህ ተመልሷል። ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ግን እኔና አንተ ተቀምጠን አውርተነው አናውቅም። አሸዋ እግሯን ለያዛት ግመል ብሎ ነው የተመለሰው። እኔ አፋፉ ላይ ሆኜ ስሙን እየጠራሁ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ድምፄ አልደረሰውም መሰለኝ፣ ቀና ብሎ እጁን ብቻ አውለበለበልኝ። ግመሏ ወጣች፣ ጀይሉ። እሷ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ሸጥኳት።

እና ለአንተ መጎተቻ ልመርጥ ሄድኩልህ። ከገበያው ጀርባ ያለውን የሸዋውን መካኒክ ከፋለን ታውቀዋለህ። ሰው ሲያናግር እንኳ ዓይኑን ከብረት አያነሳም። ሕሸም ተከትሎኝ መጣ።

«አባባ ጀላሉ፣ ሁለት አለኝ» አለ ከፋለ። አንደኛው ከሌላ ጂፕ የተፈታ ነው፤ ከፊት መከላከያ ብረቷ፣ ፓራውልቱ ላይ ይታሰርና ጉልበቱን ከራሷ ከመኪናዋ ሞተር ይወስዳል። «ይህ ከነጭነቷ፣ ከነሾፌሯ ያወጣታል» አለኝ። ሁለተኛው ጥርስና ገመድ የሚጠቀለልበት ከበሮ ያለው፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ ነው፤ ጣሊያኖች ድንጋይ ሲጎትቱበት የነበረ። «ይህ ደግሞ ባዶዋን ከሆነች ነው። ጨው ከቀረባት አይሞክራትም።»

«ልጁ ጠንካራውን ነው ያለው!» አለ ሕሸ፣ የራሱ መኪና የሰመጠች ይመስል።

«ጠንካራውን መግጠም ይከብዳል?» አልኩ።

«ፓራውልቱ ይበሳል፣ ዘንጉ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው ጋር ይያያዛል። እዚያው ወርጄ ከሥሯ ተኝቼ መሥራቴ ነው። ቶሎ የሚያልቅ አይደለም።»

«ወንዙ ውስጥ ተኝተህ?»

«ታዲያ መኪናዋ የት ነው ያለችው፣ አባባ?»

«ሞተሯ ውሃ ከገባበትስ?»

ያኔ ነው ቀና ያለው። «ያኔማ እሷም ብረት፣ መጎተቻውም ብረት።»

«የእጁስ?»

«እሱ መግጠም የለበትም። አለት ላይ በሰንሰለት ማሰር፣ መንጠቆውን እሷ ላይ መሰካት፣ ከዚያ ማዞር ነው። ገመዱም ረጅም ነው፣ አሸዋውን አልፎ ደረቁ ላይ ይደርሳል።»

«በል ደካማውን ስጠኝ።»

«ይቀልዳሉ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

አልቀለድኩም ግን። ጠንካራውን ብልክልህ አንተንም የሰውን ልጅ ከፋለንም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝቼ ብሎን ላስጠብቅ ነው። ጨውህንም አታወርድም፤ ለምን ታወርዳለህ፣ ከነጭነቷ ያወጣታል ተብሎ! ደካማው ግን መጀመሪያ ጭነትህን ያስፈታሃል። ሸክም መፍታት የጀመረ ሰው ልቡም አብሮ ይፈታል ብዬ ተመኘሁ። ምኞት ነው፤ ከምኞት ሌላ የቀረኝ የለም።

የሚስትህ የዘሃራ ሆድ ገፍቷል፣ ቆማ ስታየኝ ግድግዳውን ትይዛለች። ምን ልበልልሽ ብላት «አባባ፣ መኪናዋን እንዲህ ከወደዳት ሁለተኛ ሚስቱ ያድርጋት፤ አልቀናም በሉት። ግን ሕጉ እኩል ነውና ለእኔም ተራዬን ይስጠኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች። የገዛ ልጄን ሚስት እንዲህ አድርጋ ሳትጮህ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ያኔ ሆዷ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ። ያንን ደግሜ እንዳላይ አላህን ለምኛለሁ። አንተንም እየለመንኩህ ነው።

በል አሁን ሕሸ ያመጣልህን ጆንያ ፍታ። ከበሮው ይኸው። የብረት ገመዱ ይኸው። መንጠቆውም ሰንሰለቱም አለ። ማዞሪያ እጀታውስ? በደንብ ፈልግ፣ ጆንያውን ገልብጠው።

ሕሸን አትቆጣው፣ እሱ አያውቅም። እጀታው እኔ ጋ ነው፤ ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ። የጂፗን የማስነሻ ማኖቬላ ልሞክር እንደምትል ስለማውቅ ከፋለን ጠይቄዋለሁ፤ አፉ ከከበሮው ጋር አይገጥምም። ብትደበድበውም አይገጥምም።

ይህን ስታነብ እኔ ያለሁት መቀሌ አይደለም፣ ጀይሉ። በበቅሎ ከሕሸ ጋር መጥቻለሁ። እሱ ወደ አንተ ሲወርድ እኔ አፋፉ ላይ፣ ግመሎች የሚያድሩበት ሜዳ ዳር ቀርቻለሁ። አባትህን የጠራሁበት ቦታ ነው። ድምፄ ያኔም አልደረሰም፣ አሁን ደግሞ አርጅቷል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ወንጭፍህን ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እየረገምከኝ ና። ሰማዩ ከጠራ አብረን እንወርዳለን፣ እጀታውን እኔ ራሴ አዞርልሃለሁ፣ አንተ ትስቅብኛለህ። ሰማዩ ካልጠራ ደግሞ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠህ መኪናህ ስትሄድ ታያለህ፤ አለቅስልሃለሁ፣ ወላሂ ከአንተ በላይ አለቅስላታለሁ።

አልወጣም ካልክ ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት እጀታውን ይዤልህ እወርዳለሁ። ለመውረድ አያቅተኝም። ለመውጣት ግን ጉልበት የለኝም፤ ይህን ከእኔ የበለጠ አንተ ታውቃለህ።

አፋፉ ላይ ተቀምጬ የምጠብቅህ፣
ወንጭፍህን የሰረቀው አያትህ
ጀላሉ