ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተሯን ልቀቋት

ለተከበሩ የአል-ሳሃፋ ኬላ አዛዥ፣
ካሉበት፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እጅ እግርዎ፣ በተለይም ራስዎ ደህና ይሁን። ራስ የምታክመውን ሴት አስረዋታልና ቢያምዎ ወዴት ይሄዳሉ ብዬ ሰግቼ ነው። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ የኔ አረብኛ ለመሳደብ እንጂ ለማክበር አይበቃም። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሐበሻው ያነበዋል፣ ለእርስዎም ተርጉሞ የሚያደርስ አይጠፋም።

ያሰሯት ዶክተር ሉጥፊያ የነርቭ ተመራማሪ ናት። የባለቤቴን የጸሐይወርቅን እጅና እግር ቀስ በቀስ የነጠቃት ሐኪሞች መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት ሕመም ነው፤ ኋላ የሚጥል በሽታ ተደረበበት። ሁለቱ ለምን አንድ ሰው ላይ እንደሚገናኙ ዶክተሯ ስታጠና ዓመታት ሆኗታል። የምትሠራበት ሆስፒታል በመድፍ ሲፈርስ፣ ሌላው ሲሸሽ፣ እሷ ማሽኗን ተሸክማ እኔ ግቢ ገባች። ባለቤቴን ቀበርኩ። አሁን ያው ሕመም ልጄን ትርንጎን ይዟታል።

እንግዲህ ምስጋናዬን ልደርድር።

፩ኛ. ወታደሮችዎ በሬን ስላንኳኩ አመሰግናለሁ። በጥይት ነው እንጂ ማንኳኳቱንስ አንኳኩተዋል።

፪ኛ. የአንጎልን ሥራ የሚያነበውን ማሽን፣ ሽቦዎቹን ገና ሲያዩ፣ የጃሱስ ሬዲዮ ነው፣ ሰላይ ናት ብለው በሰደፍ ያደቀቁበት ትጋት አስደንቆኛል። ቀጥለው የጥናቷን ወረቀት ከምረው ቤንዚን አርከፈከፉበት። ይኼኔ ትርንጎ ወደቀች። አረፋ ስትደፍቅ፣ ታስመስላለች ብሎ አንዱ ጀግናዎ በቦቲ ጎኗን ረገጣት። ዶክተሯ ላይዋ ተደፋችባት። የእሷንም ግንባር ፈነከቱት፤ ደሟ በልጄ ፊት ላይ ወረደ።

፫ኛ. ባገሬ ልማድ ለወደቀ ሰው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማስሸተት ነው። ዶክተሯ፣ ያ ዐሚ፣ አጎቴ ተው፣ ጢስ አይረዳትም፣ በጎኗ አስተኛት እያለች ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች። አልሰማሁም፤ ማንንም ሰምቼ አላውቅም። ጫርኩ። ቤንዚኑን ማን አስታወሰ! አንበሶችዎ ክብሪቱን ሲያዩ በሩ ጠቧቸው በመስኮት ዘለሉ፤ አንዱማ ጫማውን ጥሎ ነው። ክብሪቱ እጄ ላይ ጠፍቶ እሳቱ እንዳልተነሣ ሲያውቁ ተመልሰው ሁለት ጣቴን ሰበሩ፤ ዶክተሯን፣ ልታቃጥለን ነበር ብለው በፀጉሯ ጎትተው ወሰዷት። ከአንድ ሽማግሌ ሐበሻ ክብሪት ሸሸን ብሎ ለእርስዎ ማመልከቱ አሳፍሯቸው ይሆናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ክሱ ማቃጠል ከሆነ ወንጀለኛው እኔ ነኝ። ያላ፣ መጥተው ይውሰዱኝ። እሷ ከተወሰደች ወዲህ ልጄ ደጋግማ ትወድቃለች፤ ምላሷን ነክሳ ልትቆርጠው ምንም አልቀራትም። መድኃኒቷ ይጨመር ይቀነስ የሚል ሰው እዚህ ሰፈር አልቀረም። ልጄ ከሞተች ግን፣ በታላቅ አክብሮት ነው የምነግርዎ፣ ያልተሰበሩት ጣቶቼ አንገትዎን ለማነቅ ይበቃሉ።

ሰደፍዎን በትሕትና እጅ እየነሣሁ፣ ወገቤን ግን ሳልሰብር፣
ጀምበሬ ምስጋናው፣
በሩ ከተበሳው ቤት፣ አል-ሳሃፋ

ዳሩ ግን አንድ ነገር ቀረኝ፦ ትናንት ዶክተሯን ከሚጠብቁት ወታደሮችዎ አንዱ ተደብቆ ቤቴ መጣ። ወንድሙን እንደ ልጄ ይጥለዋል፤ ከዶክተሯ ክኒን ስጠኝ ብሎ ለመነኝ። ከትርንጎ ቀንሼ ሰጠሁት። ስንት ይዋጥ ቢለኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቆለፍክባት አንተ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ጠይቃት አልኩት።