ኤዲንብራ ላይ በቁማችን ተለቀሰልን

ወንድሜ ቶርሞድ፣

የምትጽፍልኝ የእህታችን ልጅ ኢሽቤል ናት። ግጥም ይነበባል ብላ አዳራሽ ወሰደችኝ። ገጣሚው በእንግሊዝኛ ሲያነብ ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«የእኛ ቋንቋ ጌይሊክ ነዋ፣ አጎቴ!»

ክው አልኩ! እኛ ሉዊስ ደሴት ላይ ከሬሳው አጠገብ ሳናድር ሙሾ እናወርዳለን እንዴ? ብድግ ብዬ በቋንቋችን፣ «አንተ ሰው፣ መቼ ነው የቀበርከን?» አልኩት። አንዲት ቃል አልገባውም። ሕዝቡም ሳይገባው አጨበጨበልኝ! እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ፖስት ካርዱ ሞላ ትለኛለች ይህቺ ልጅ። ባለቤትህን ፔጊን ሰላም በልልኝ። አንተም ድምፄ ሻከረ ብለህ በቤተ ክርስቲያን የጌይሊኩን መዝሙር መምራት እንዳትተው። እየሻከረም ቢሆን ምራ!

ሙርዶ